የወልድያ እግር ኳስ ክለብ ጉዞና ለቆቦና ለራያ ቆላማ አካባቢ ቡድኖች የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ቆቦ ከተማ በአማራ ክልል በሰሜን ወሎ ዞን፣ ከአዲስ አበባ በደሴና በወልድያ በኩል ወደ አላማጣና መቐለ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በስተምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ በወሎ ደጋ ተከባ በተዘረጋው የራያ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ሲሆን፣ አካባቢው በማሽላና በጤፍ ምርቱ፣ ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በመስኖ በሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ይታወቃል። የአየር ንብረቱ ሞቃታማ በመሆኑ ኳስ የሚጫወቱ ወጣቶች ወደ ሜዳ የሚወጡት በአብዛኛው ፀሐይ ስትበርድ ነው።

እንደ ቆቦ፣ ሮቢትና ጎብዬ ባሉ ከተሞች የሚገኙ ቡድኖች በሊግ መዋቅር ውስጥ ቦታ ለማግኘት ምን እንደሚያስፈልጋቸው፣ ያገኙትንም ቦታ ጠብቆ ለመቆየት ምን መሟላት እንዳለበት ዜጎች ማወቅ ይሻሉ። ለዚህ ጥያቄ በቅርብ የሚገኘው ምሳሌ ከቆቦ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የዞኑ ዋና ከተማ የወልድያ እግር ኳስ ክለብ ነው። ክለቡ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ይህ ጽሑፍ የክለቡን ጉዞ በአጭሩ በመዳሰስ፣ አነስተኛ ቡድን የሚያቋቁሙ ዜጎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ያብራራል።

የክለብ እግር ኳስ በኢትዮጵያና የወሎ ድርሻ

በኢትዮጵያ የክለብ እግር ኳስ ታሪክ ቀደምት ከሆኑት ክለቦች መካከል ግንባር ቀደሙ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የተመሠረተውም በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በፍጻሜው የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክን (ግብጽን) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በማሸነፍ ዋንጫውን አንስታለች።

ይሁን እንጂ በእነዚያ ዓመታት የክለብ ውድድር ያተኮረው በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነበር። የአገሪቱ ሻምፒዮና አሸናፊዎች በአብዛኛው ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከድሬዳዋ የሚወጡ ነበሩ። በሌሎች ከተሞች ኳስ በየትምህርት ቤቱና በየሰፈሩ በብዛት ይዘወተር የነበረ ቢሆንም፣ ቋሚ በጀት፣ አሠልጣኝና ሜዳ ያለው ክለብ ማቆም ለአብዛኞቹ ከአቅም በላይ ነበር።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ውድድር ከተጀመረ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው የአዲስ አበባው መብራት ኃይል ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ሐዋሳ ከተማ ሻምፒዮን በመሆን ከዋና ከተማዋ ውጭ ያለ ክለብም ለዋንጫ መብቃት እንደሚችል አሳየ። የብሔራዊ ስፖርት ፖሊሲውም የወጣው በዚያው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን፣ የኅብረተሰቡን ተሳትፎ በመኖሪያ አካባቢ፣ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታ ማስፋፋትን ዓላማው አድርጓል። በዚህ ጊዜ በከተማ አስተዳደሮች ድጋፍ የሚንቀሳቀሱና በተለምዶ «ከነማ» ወይም «ከተማ» እየተባሉ የሚጠሩ ክለቦች በየክልሉ በረከቱ። የወልድያ ክለብም ወደ ላይ የወጣው በዚሁ ማዕበል ነው።

የሊግ እርከኖች

አንድ ቡድን «ከሊግ ውጭ ነው» ሲባል በአገር አቀፍ ሊጎች ውስጥ አልተመዘገበም ማለት እንጂ ምንም ዓይነት ውድድር የለውም ማለት አይደለም። ከላይ ወደ ታች ሲታይ በቅድሚያ የሚገኘው በሊግ ኩባንያው የሚመራው ፕሪሚየር ሊግ ነው። ቀጥሎ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሚመሩት ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ ይገኛሉ። ከእነዚህ ሥር የክልል ክለቦች ሻምፒዮና ሲኖር፣ ወደዚያ የሚደርሰው መንገድ የሚጀምረው በክልል፣ በዞንና በወረዳ ደረጃ ከሚካሄዱ ውድድሮች ነው። ከፍተኛ ሊግ በአሁኑ ስያሜው የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሁለተኛው እርከን ብሔራዊ ሊግ ይባል ነበር።

በመሆኑም በቆቦ የሚቋቋም አዲስ ቡድን ወደ ላይኛው እርከን የሚደርሰው የየደረጃውን ውድድር በውጤት እያለፈ ነው። በደብዳቤም ሆነ በገንዘብ እርከን መዝለል አይቻልም።

የመጀመሪያው ዕድገት፦ 2006 እና 2007 ዓ.ም.

ወልድያ በ2006 ዓ.ም. በብሔራዊ ሊግ ባስመዘገበው ውጤት ወደ ፕሪሚየር ሊግ አድጎ በ2007 ዓ.ም. 14 ክለቦች በተሳተፉበት ውድድር ተካፈለ። ክለቡ በዚህ ጊዜ ይጫወት የነበረው በከተማዋ በሚገኘው የመልካ ቆሌ ሜዳ ነው። ለሰሜን ወሎ ሕዝብ ከዚያ በፊት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ብቻ የሚከታተላቸውን ታላላቅ ክለቦች በከተማው ሜዳ ማየት ታላቅ ክስተት ነበር። ከቆቦ ለሚነሣ ተመልካችም ጉዞው በአንድ ቀን ደርሶ የሚመለስበት ሆነ።

ይሁንና ክለቡ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወረደ። የዝቅተኛ ሊግ በጀትና የተጫዋች ስብስብ ይዞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ የሚወጣ ቡድን በአንድ ጊዜ በርካታ ወጪዎች ይገጥሙታል። የተጫዋች ደመወዝ ይንራል፤ የጉዞ ርቀት ይጨምራል፤ የሆቴል፣ የሕክምናና የትራንስፖርት ወጪ ይበዛል። ገቢው ግን በዚያው ፍጥነት አያድግም። የወልድያ የመጀመሪያ ተሞክሮ የሚያስገነዝበው፣ ለማደግ የሚደረገው ዝግጅት ካደጉ በኋላ ለመቆየት ከሚደረገው ዝግጅት ጋር አብሮ መታቀድ እንዳለበት ነው።

ሁለተኛው ዕድገትና አዲሱ ስታዲየም

ክለቡ አንድ ዓመት በከፍተኛ ሊግ ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ከፋሲል ከተማ፣ ከጅማ አባ ቡና እና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር በድጋሚ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። በ2009 ዓ.ም. የተሳታፊዎች ቁጥር 16 በሆነበት ውድድር ሳይወርድ ዓመቱን ጨረሰ።

በዚሁ ዓመት በጥር ወር በባለሀብቱ ሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ወጪ የተገነባውና በስማቸው የተሰየመው የወልድያ ስታዲየም ተመረቀ። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው ይህ ስታዲየም በአገሪቱ ካሉ ዘመናዊ ስታዲየሞች አንዱ ሲሆን፣ ለሰሜን ወሎ ዞን እስከዚያ ጊዜ ያልነበረ የስፖርት ማዘውተሪያ ነው። እንዲህ ያለ ግንባታ በዞን ከተማ ደረጃ መከናወኑ በራሱ ትልቅ እመርታ ነበር።

ነገር ግን ስታዲየምና ክለብ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስታዲየም አንድ ጊዜ ከተገነባ በኋላ ጥገናና ጥበቃ ይፈልጋል። ክለብ ደግሞ በየወሩ ደመወዝ፣ በየሳምንቱ ጉዞ፣ በየዓመቱ አዲስ በጀት ይሻል። አንድ ባለሀብት ሕንፃ ሊያበረክት ይችላል፤ የክለቡ የዘወትር ሕይወት ግን በቋሚ የገቢ ምንጭ ላይ መመሥረት ይኖርበታል።

የ2010 ዓ.ም. ፈተና

ስታዲየሙ ከተመረቀ ከ18 ወራት ገደማ በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ወልድያ ለሁለተኛ ጊዜ ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። በዚያው ዓመት ገና ያደገው ጅማ አባ ጅፋር የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለቱም የዞን ከተማ ክለቦች ነበሩ፤ አንዱ ዋንጫ ሲያነሣ ሌላው ወረደ። ይህም የከተማ ትልቅነት ወይም የስታዲየም ስፋት ብቻውን ውጤትን እንደማይወስን ያመለክታል።

የ2010 ዓ.ም. ውድድር ለወልድያ ከውጤትም በላይ ከባድ ነበር። በኅዳር ወር ክለቡ በሜዳው ከመቐለ ከተማ ጋር ሊያደርገው የነበረው ጨዋታ በደጋፊዎች መካከል በተነሣ ግጭት ሳይካሄድ ቀረ። ግጭቱ ከስታዲየሙ አልፎ ወደ ከተማው በመዛመቱ በሰውና በንብረት ላይ ጉዳት ደረሰ። የራያና የአካባቢው ሕዝብ በጋብቻ፣ በገበያና በአምልኮ ለዘመናት ተሳስሮ የኖረ ነው። የቆቦ ገበያተኛ አላማጣ፣ የአላማጣው ቆቦ እየዋለ የሚመለስበት አካባቢ ላይ አንድ የኳስ ጨዋታ ለጠብ ምክንያት መሆኑ ብዙዎችን ያሳዘነ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለትንሹም ቡድን የሚያገለግል ነው። የተመልካች ደኅንነት ጨዋታው በሚጀመርበት ሰዓት የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም። የሁለቱ ቡድኖች አመራሮች አስቀድመው መነጋገር፣ የደጋፊዎች መግቢያና መውጫ መለየት፣ አስተባባሪዎችን መመደብና ከፖሊስ ጋር ዕቅድ መያዝ ይኖርባቸዋል። ደጋፊው በሥርዓት አልበኝነት የሚያደርሰው ጉዳት በክለቡ ላይ የገንዘብ ቅጣት፣ በዝግ ሜዳ መጫወትን ወይም በገለልተኛ ሜዳ መጫወትን ሊያስከትል ይችላል። በሜዳ መግቢያ ትኬት ለሚተዳደር ክለብ ይህ ቅጣት ሕልውናን የሚፈታተን ነው።

ከ2011 ዓ.ም. በኋላ

ክለቡ በ2011 ዓ.ም. ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሰ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ውድድሮች ሳይጠናቀቁ ተሰረዙ። ቀጥሎም አካባቢው የሰሜኑ ጦርነት አውድማ ሆነ። ቆቦ በሐምሌ፣ ወልድያ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ ሆነው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ቆዩ። ቆቦ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድጋሚ በጦርነቱ ውስጥ ወደቀች። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ጦርነቱን ቢያስቆምም፣ ሕይወት የጠፋበት፣ ቤተሰብ የተበተነበትና ትምህርት የተቋረጠበት ያ ጊዜ በአንድ ትውልድ ወጣቶች ላይ ያሳረፈው ጠባሳ በቀላሉ የሚሽር አይደለም።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሰፈር ቡድን ፋይዳ ከውድድር ያለፈ ነው። ወጣቶች በየቀኑ የሚገናኙበት ቋሚ ሰዓት፣ የሚያከብሩት ደንብና የሚጠብቃቸው ጓደኛ መኖሩ የተረበሸ ኑሮን መልሶ ለማረጋጋት ያግዛል። የራያ ቆላ ቡድኖች ጉዳይ ትኩረት የሚሻውም ስለዚህ ነው።

የባለቤትነት ጥያቄ፦ ከጎንደር ሁለት ምሳሌዎች

የክለብን ዕድሜ የሚወስነው ማን እንደያዘው ጭምር ነው። በጎንደር የቢራ ፋብሪካው ክለብ የነበረው ዳሽን ቢራ በፕሪሚየር ሊግ ለዓመታት ተወዳድሮ በ2008 ዓ.ም. ሲወርድ ፈረሰ። ክለቡ በአንድ ድርጅት በጀት ላይ የቆመ ስለነበር የድርጅቱ ውሳኔ የክለቡ ፍጻሜ ሆነ። በዚያው ከተማና በዚያው ዓመት ወደ ፕሪሚየር ሊግ ያደገው ፋሲል ከነማ ግን የከተማው ሕዝብ ክለብ ሆኖ ቀጠለ፤ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሣ።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው የድርጅት ድጋፍ መጥፎ አለመሆኑን፣ ነገር ግን ብቸኛ ምሰሶ መሆን እንደሌለበት ነው። የአባላት መዋጮ፣ የአካባቢ ነጋዴዎች ስፖንሰርነት፣ የትኬት ሽያጭ፣ የማሊያ ሽያጭና የአስተዳደሩ ድጎማ ተደምረው የሚያቆሙት ክለብ አንዱ ምንጭ ሲደርቅ በሌላው ይተነፍሳል።

ቡድን ለሚያቋቁሙ ዜጎች የሚጠቅሙ መረጃዎች

በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት የፌዴራል መንግሥቱ የስፖርት ሥራ የሚመራው በባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ነው። የአካባቢ ቡድኖች አገልግሎት የሚያገኙት ግን በቅድሚያ በሚኖሩበት ወረዳ ወይም ከተማ የስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። ዝርዝር መስፈርቱ በየክልሉ መመሪያ የሚወሰን ሲሆን፣ ተገልጋዮች የሚከተሉትን አስቀድመው ቢያዘጋጁ ምልልስ ይቀንስላቸዋል።

1. የመሥራቾች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ። መሥራቾች ተሰብስበው የቡድኑን ስም፣ ዓላማና አድራሻ የወሰኑበትና የፈረሙበት ሰነድ ነው።

2. መተዳደሪያ ደንብ። አመራር እንዴት እንደሚመረጥ፣ ገንዘብ በማን ፊርማ እንደሚወጣ፣ ሒሳብ መቼ እንደሚመረመርና ቡድኑ ቢፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ መጻፍ አለበት። በገንዘብ ጉዳይ በሚነሣ ጭቅጭቅ የሚፈርሱ ቡድኖች ቁጥር ቀላል ባለመሆኑ ይህ ክፍል በችኮላ መዘጋጀት የለበትም።

3. በቡድኑ ስም የተከፈተ የባንክ ሒሳብ። ገንዘብ በግለሰብ ስም መቀመጥ የለበትም።

4. የፌዴሬሽን ምዝገባ። በስፖርት ጽሕፈት ቤቱ መታወቅና በእግር ኳስ ፌዴሬሽን መመዝገብ የተለያዩ ናቸው። በፌዴሬሽኑ ያልተመዘገበ ቡድን በይፋዊ ውድድር መሳተፍ አይችልም።

ስለ ሜዳ

የራያ ሜዳ ሰፊ በመሆኑ የመጫወቻ ቦታ የሚያጥር አይመስልም። ይሁንና ያው ለጥ ያለ መሬት ለእርሻና ለመስኖ ተፈላጊ ነው፤ ከተሞችም ሲሰፉ በመጀመሪያ የሚወሰደው ባለቤት የሌለው የሚመስለው የልጆች ኳስ ሜዳ ነው። ስለዚህ ቡድኖች የሚጫወቱበት ቦታ በከተማው ፕላን በስፖርት ማዘውተሪያ ስፍራነት መያዙን ማረጋገጥ፣ ካልተያዘም በጽሑፍ ማመልከት ይገባቸዋል። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ በተለምዶ 105 ሜትር በ68 ሜትር ሲሆን፣ ይህ 7,140 ካሬ ሜትር ነው። የመስመር ዳር ክፍተትና የተመልካች ቦታ ሲጨመር አንድ ሄክታር ገደማ ይጠይቃል። ማመልከቻው ይህን ልኬት ቢጠቅስ ጥያቄው ግልጽ ይሆናል። በቆላማ አካባቢ የጥላ ዛፍና የውኃ አቅርቦት አብሮ መታቀዱም የተጫዋቾችን ጤና ይጠብቃል።

ስለ ተጫዋቾች ምዝገባ

ብዙ ትንንሽ ቡድኖች ተጫዋች ያፈራሉ፤ ሆኖም ምዝገባ ስለማይይዙ ከድካማቸው አይጠቀሙም። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር (ፊፋ) ደንብ መሠረት፣ አንድ ተጫዋች በውሉ ዘመን ውስጥ በክፍያ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዝውውር ክፍያው 5 በመቶ የሚሆነው ከ12 እስከ 23 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ባለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ይታሰባል። ለምሳሌ አንድ ተጫዋች በ16 እና በ17 ዓመቱ በአንድ የራያ ክለብ ተመዝግቦ ቢጫወትና በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ወደ ውጭ ቢዛወር፣ ያ ክለብ 10,000 ዶላር የማግኘት መብት ይኖረዋል። ይህ ከእውነታ የራቀ ምኞት አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. አቡበከር ናስር ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ መዛወሩ ይታወሳል። መብቱ ግን የሚሠራው ተጫዋቹ በእውነተኛ ዕድሜውና በትክክለኛ ስሙ በፌዴሬሽኑ መዝገብ የሰፈረ እንደሆነ ብቻ ነው። ዕድሜን መቀነስ የተጫዋቹንም ሆነ የክለቡን ነገ ያበላሻል።

ስለ ቅሬታ

በጨዋታ ውጤት፣ በዳኝነት ወይም በተጫዋች ተገቢነት ላይ የሚነሣ ቅሬታ የሚቀርበው ውድድሩን ለሚመራው አካል ነው። በውሳኔው ያልረካ ወገን በደንቡ በተቀመጠው ጊዜ ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው አካል ያመለክታል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የጨዋታ ውጤት አይሽሩም፤ በፌዴሬሽን የውስጥ ሥራ ጣልቃ መግባት በፊፋ ደንብ የተከለከለ ሲሆን አገርን ለእገዳ ሊዳርግ ይችላል። በአንጻሩ በማዘውተሪያ ስፍራ፣ በድጋፍና በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ ያለ ቅሬታ ለወረዳው የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም በየደረጃው ለዞንና ለክልል ይቀርባል። ቅሬታው በጽሑፍ ሆኖ የገባበት ቀንና የመዝገብ ቁጥር መያዙን ማረጋገጥ የተገልጋዩ ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

ወልድያ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ መውረዱ እንደ ውድቀት ብቻ የሚቆጠር አይደለም። ከሰሜን ወሎ የሚነሣ ክለብ በአገሪቱ ከፍተኛ ሊግ መድረስ እንደሚችል አሳይቷል፤ ለመቆየት ምን እንደጎደለም አመልክቷል። ዘመናዊ ስታዲየም ዛሬ በከተማዋ አለ። የተረፈው ሥራ በዚያ ሣር ላይ የሚጫወቱ ልጆችን ከቆቦ፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከመሰል ከተሞች እያሠለጠኑ ማውጣት ነው። ለዚህም በስሙ የተያዘ ሜዳ፣ በደንብ የሚመራ ገንዘብ፣ በመዝገብ የሰፈረ ተጫዋችና እንግዳውን ቡድን እንደ እንግዳ የሚቀበል ደጋፊ ያስፈልጋል። አራቱም ከወረዳ ደረጃ የሚጀምሩና ያለ ትልቅ ካፒታል ሊሟሉ የሚችሉ ናቸው።